«ግዙፍ ዱባ፣ ያለ ልፋት» የሚል የዘር ፓኬት ሲያጋጥማችሁ

አጠገቡ ከቆመው ሰው የሚተልቅ ዱባ ፎቶ፣ ከሥሩ «ዘርቶ መርሳት ነው» የሚል ጽሑፍ፣ ውስጡ አምስት የዘር ፍሬ። እንዲህ ያለውን ፓኬት አትግዙ። ግዙፍ ዱባ አለ፤ ብዙ ልፋት የማይፈልግ ትልቅ ዱባም አለ። ሁለቱ ግን አንድ ዝርያ አይደሉም፤ ሻጩ የአንዱን ፎቶ ከሌላው ጠባይ ጋር አጣብቆ ነው የሚያቀርብላችሁ።

ፎቶው ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አትላንቲክ ጃያንት ነው። ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ሃዋርድ ዲል የተባለ ገበሬ ለዓመታት እየመረጠ ያወጣው ዝርያ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ የውድድር ዱባዎች ዘራቸው ከእሱ ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2023 ካሊፎርኒያ፣ ሃፍ ሙን ቤይ ላይ የተመዘነው 1,247 ኪሎ ግራም ወጥቶታል። ቁጥሩ እውነት ነው። የተደበቀው፣ ያ ክብደት በምን ዓይነት ሥራ እንደሚመጣ ነው።

የውድድር አብቃዮች ለአንድ ተክል ብቻ ከ50 እስከ 100 ካሬ ሜትር መሬት ይለቃሉ። ሴቴ አበባዋ ከመፈንዳቷ በፊት ማታ ይሸፍኗትና ንብ ሳይቀድማቸው ማለዳ በእጃቸው ያዳቅሏታል። ከዚያ አንድ ፍሬ አስቀርተው ሌላውን ሁሉ ይቀጥፋሉ። ሐረጉን በየአንጓው አፈር ያለብሱታል፤ አንጓው ሥር ሲያወጣ ፍሬውን የሚመግበው አፍ ይበዛል። ፍሬው በሚፋፋበት ሰሞን በቀን ከ15 ኪሎ በላይ ሊጨምር ስለሚችል ውኃው በመቶ ሊትር ነው የሚቆጠረው። እዚህ ላይ ነው የሰነፍ አትክልተኛ ዱባ የሚጠፋው፦ ለቀናት ተጠምቶ ቆይቶ በአንዴ ሲጠጣ ውስጡ ከቆዳው ቀድሞ ያድግና ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ዱባ ደግሞ ይበሰብሳል። ይህን ሁሉ ባታደርጉለትም ሐረጉ ጓሮውን መሙላቱን አይተውም። ሥጋውም ውኃ የበዛበትና ቃጫማ ስለሆነ ለድስት እምብዛም አይመኙትም።

ሌላው ማታለያ «ዘሩ ከዚህ ግዙፍ ፍሬ የወጣ ነው» የሚለው ነው። ይህ እናቱን እንጂ አባቱን አይነግራችሁም። ንብ የሌላ ዱባ ብናኝ አምጥታ ከሆነ የዘንድሮው ፍሬ መልኩ አይለወጥም፤ የተዳቀለው ውስጡ ያለው ዘር ነው፣ ጉዱ የሚታየው በቀጣዩ ዘመን ነው። ስለዚህ የግዙፍ ዱባ ዘር የሚሸጥ እውነተኛ አብቃይ የእናቲቱን ክብደት፣ ዓመቱንና የአባቱን ማንነት ጽፎ ይሰጣል። ፓኬቱ ላይ ኤፍ 1 ተብሎ ከተጻፈም ዲቃላ ነው፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን ዘሩን አስቀርታችሁ ብትዘሩት ያንኑ አታገኙም።

ፓኬት ስታነሡ ፎቶውን ተዉትና ጀርባውን አንብቡ። የዝርያው ስም በትክክል መጻፍ አለበት፤ «ግዙፍ ዱባ» ስም አይደለም። የታሸገበት ዓመት፣ የመብቀል መቶኛና የሚደርስበት የቀን ብዛት ይኑረው። ደማቅ ሰማያዊ ወይም ባለቀስተ ደመና ዱባ የሚያሳይ ከሆነ ጊዜ አታጥፉ። ከገዛችሁ በኋላ 10 ፍሬ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላችሁ 25 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ባለበት ለ8 ቀን አቆዩት፤ ከ7 በታች ከበቀለ ዘሩ ደካማ ነው፣ ገንዘባችሁን ጠይቁ። አምስት ፍሬ ብቻ ያለበት ፓኬት ይህን ሙከራ እንኳ አያስችላችሁም።

ትልቅ ዱባ በትንሽ ድካም ለሚፈልግ የእኛ ምርጫ ቢግ ማክስ ነው። በ120 ቀን አካባቢ ይደርሳል፤ በደህና አፈር ላይ ከ20 እስከ 45 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። አነስ ያለ ፍሬ ለሚፈልግ ከ7 እስከ 11 ኪሎ የሚሆነው ኮኔቲከት ፊልድ ይበቃል። ለመብላት የሚያስብ ሙስኬ ደ ፕሮቨንስን ይያዝ፤ ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ ግንድ የሚሰረስረው ትል እንደሌሎቹ አይደፍረውም፣ ግን ረጅም ሞቃት ወቅት ይፈልጋል።

አዘራሩ ቀላል ነው። አፈሩ 18 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ሁለት አካፋ ኮምፖስት ባለበት ጉብታ ላይ 3 ፍሬ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ዝሩና ጠንካራውን አንዱን ብቻ አስቀሩ። 8 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አድርጉለት፣ ግንዱን ግን እንዳይነካው። በሳምንት ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ያህል ውኃ፣ ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን። ቢግ ማክስ ላይ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ተዉ። መጀመሪያ የሚረግፉት አበቦች ወንዴዎች ናቸው፤ ሴቴዎቹ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመጣሉ። በዚያ መሐል «ፍሬ አስያዥ» የሚሏችሁን ማዳበሪያ እንዳትገዙ፦ ናይትሮጂን የበዛበት ከሆነ ቅጠል ይደራርባል እንጂ ፍሬ አይጨምርም።

ትልልቅ ችግኝ በርካሽ የሚያቀርብላችሁንም እለፉት። በትንሽ ዕቃ ውስጥ ሐረግ የጀመረ የዱባ ችግኝ ሥሩ ተጠማዟል፤ ሲነቀል ይደነግጣል፣ በቀጥታ የተዘራው ይቀድመዋል። ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች በኋላ የሚወጣው) ያለው ከሆነ ይወሰዳል።

ፍሬው ሲይዝ የተሸጠላችሁን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የአትላንቲክ ጃያንትና የቢግ ማክስ ጭራ (ፍሬው ከሐረጉ ጋር የሚያያዝበት) ክብና ቡሽ መሰል ነው። ጠንካራና ባለ አምስት ጠርዝ ከሆነ የኮኔቲከት ፊልድና የዝኩኒ ወገን ሊሆን ይችላል፤ አትላንቲክ ጃያንት ወይም ቢግ ማክስ ብላችሁ ከገዛችሁ ሌላ ነገር ተሸጦላችኋል ማለት ነው። ያኔ ከመቀቀላችሁ በፊት ጥቂት ጥሬ ቁራጭ ምላሳችሁ ላይ አድርጉ። ከጌጥ ቅል ጋር የተዳቀለ ዘር ኩኩርቢታሲን የሚባል መራራ መርዝ ያለበት ፍሬ ሊሰጥ ይችላል፣ ማብሰል አያጠፋውም። ከመረራችሁ ወዲያው ተፉት፤ ከዚያ ተክል አንድም ፍሬ አትብሉ፣ ዘሩንም ለማንም አትስጡ።