ቢግ ስትሬች ኮኪንግ፦ የእንጨት ሳይዲንግ ላላችሁ

እዚህ ሜሪላንድ የድሮ የእንጨት ሳይዲንግ (ቤቱን ከውጭ የሚያለብሰው ተደራራቢ ጣውላ) ያለው ቤት የገዛችሁ ልጆች ይሄን አንብቡማ። ሰው ቤት ሊያስቀባ ሲነሳ የሚጨነቀው ስለ ከለር ነው፣ ግሬይ ይሁን ቤዥ እያለ ሳምንት ይከራከራል፣ ስለ ኮኪንጉ፣ ማለት በጣውላውና በመስኮቱ መሃል ያለውን ክፍተት ስለሚደፍነው ልጥፍ ነገር፣ ግን ማንም አይጠይቅም። ውሃ የሚገባው ግን በዛ ነው።

እኛ መጀመሪያ ያመጣነው ቀለም ቀቢ (ስሙ ይቅር) ዋጋው ደህና ነበር፣ ግን መስኮቶቹ ዙሪያ የነበረውን የደረቀ ኮኪንግ ሳያነሳ እላዩ ላይ ንጹህ ሲሊኮን ለቀለቀበት፣ ሲሊኮን ደሞ ቀለም አይዝም፣ ቀለሙ እዛ ላይ ሲደርስ ይሸሻል። ይባስ ብሎ ጣውላው ከታች ባለው ላይ የሚደረብበትን ጠርዝ ዳር እስከ ዳር ደፈነው። እሱ እኮ ክፍት የሚተወው ከኋላ የገባ ውሃ እንዲወጣበት ነው! ስነግረው «ወንድሜ አታስብ፣ ስራዬ ነው» አለኝ። ዊንተሩ ሲያልፍ ቀለሙ አየር ቋጥሮ ተነፋ፣ በጥፍር ስትነካው ይላጣል፣ ስሩ ያለው እንጨት እርጥብ ነው።

ሁለተኛው ቀቢ ነው ሳሽኮ የሚባለው ካምፓኒ የሚሰራውን ቢግ ስትሬች ያመጣው። አክሪሊክ ነው፣ ቀለም ይቀበላል፣ ሳይደርቅ በውሃ ይታጠባል። አሮጌውን በቢላ አውጥቶ፣ ፍቆ፣ ባዶ የቀረውን እንጨት ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ሰጥቶ ነው የሞላው፣ የሞላውም ሳይዲንጉ ከትሪሙ (በመስኮትና በማዕዘን ዳር ካለው የጠርዝ እንጨት) ጋር የሚገናኝበትን ቁም መስመርና የመስኮቱን ዙሪያ ብቻ፣ የታችኛውን ጠርዝ አልነካም። ከሩብ ኢንች የሚሰፋ ክፍተት ሲያገኝ መጀመሪያ ባከር ሮድ የሚሉትን የፎም ገመድ ይከታል፣ ምክንያቱም ኮኪንጉ ግራና ቀኙን ብቻ ይዞ መሳብ አለበት፣ ከኋላም ከተጣበቀ ይቀደዳል። ጃንዋሪ ላይ ብርዱ እንጨቱን ሲያኮማትረው ወጥቼ አየሁት፣ ትሪሙ ጋ ያለው መስመር እንደ ማስቲካ ተለጥጧል ግን አንድም ቦታ አልለቀቀም።

የማልወድለት፣ ሲሰሩበት በጣም ይጣበቃል፣ ጣታችሁን በውሃ እያረጠባችሁ ካላለሰለሳችሁት ያበላሻችኋል። ሲደርቅም ትንሽ ስለሚሰምጥ ሰፊው ቦታ ላይ መድገም አለ። ዋጋውም ከተራው አክሪሊክ ይበልጣል፣ ግን ከጠቅላላው ሂሳብ አንጻር ምንም አይደለም።

ቀለሙ ሼርዊን ዊልያምስ ዱሬሽን ነው፣ ሁለት እጅ፣ ጥሩ ነው፣ ብዙ የምለው የለኝም። በሙሉ ዋጋ ግን እንዳትገዙ፣ ቶሎ ቶሎ ሴል ያደርጋሉ።

አንድ ነገር ደሞ፣ ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሰራ ከሆነ አሮጌው ቀለም ሌድ (መርዛማው እርሳስ) ሊኖረው ስለሚችል ዝም ብላችሁ በደረቁ አታስፍቁ፣ በተለይ ልጆች ካሉ። ቀቢውን የኢፒኤ (የአሜሪካ መንግስት የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት) የሌድ ሰርተፍኬት አለህ ወይ በሉት፣ እንደዚህ አይነት ቤት በክፍያ የሚሰራ ሰው እንዲኖረው ህጉ ያስገድደዋል። «ምንድነው እሱ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ሌላ ፈልጉ።

ለኮኪንጉ ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለመጣበቁ ነው።