ለ1996–2002 ፎር ራነር የሚሆን ክላስ 3 ሂች፦ ከብረቱ በፊት ሻንሲው ይታይ

ለሦስተኛው ትውልድ ቶዮታ ፎር ራነር፣ ማለትም ከ1996 እስከ 2002 ለወጣው ሞዴል፣ እንደ ከርትና ድሮው ታይት ያሉ አምራቾች የሚሸጡት በብሎን የሚታሰር ክላስ 3 ሂች (ተሳቢ ለመጎተት ከመኪናው ኋላ ሻንሲው ላይ የሚታሰር ብረት) ገንዘብ ቢወጣበት የማያስቆጭ ዕቃ ነው። ብየዳ አይፈልግም። ሁለት ሰው፣ አንድ ክሪክ፣ የቡሶላ ሳጥንና ቶርክ ሬንች (የብሎንን ጥብቀት እየለካ የሚያጠብቅ ቁልፍ) ካለ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። መኪናው ክረምቱን ጨው በሚረጭበት አገር ያሳለፈ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እንደ ሚኒሶታ ወይም ኦሃዮ ባሉ የአሜሪካ ስቴቶች የኖረ ፎር ራነር ሞተሩ ገና ሳይደክም ሻንሲው ተበልቶ ሊገኝ ይችላል፤ ሂቹ ደግሞ የሚታሰረው እዚያው ዝገቱ በሚበረታበት ጫፍ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። ክላስ 3 የሚባለው ባለ 2 ኢንች ሂች እንደየሥሪቱ 5,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎበት ይመጣል። ይህ የብረቱ አቅም ነው፣ የመኪናው አይደለም። ባለ 3.4 ሊትር ቪ6 ፎር ራነር የሚጎትተው እስከ 5,000 ፓውንድ ነው፤ ባለ 2.7 ሊትር አራት ሲሊንደሩ ከዚያ ያነሰ ነው፣ የራሱን መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ። ተሳቢው የሚያያዝበት ኳስና ኳሱ የሚቀመጥበት፣ ሂቹ ውስጥ የሚሰካው ክንድም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። የሚሠራው ከሁሉም ትንሹ ነው። በዚያ ላይ ተሳቢው ኳሱ ላይ የሚጥለው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን ስላለበት፣ 4,000 ፓውንድ ተሳቢ ቢያንስ 400 ፓውንድ ይጭናል። ያ ክብደት ከተሳፋሪውና ከሻንጣው ጋር ተደምሮ የመኪናው ጭነት ሆኖ ይቆጠራል። አምስት ሰው ጭኖ ትልቅ ተሳቢ መጎተት የማይመከረው ለዚህ ነው።

ሻንሲውን ለመመርመር መዶሻና ጠንካራ ካቻቢቴ ይበቃሉ። ከኋላ እግር በላይ ካለው ጥምዝ፣ ሞላውና የአክስሉ ክንዶች ከሚያያዙበት ቦታ ጀምራችሁ እስከ ጫፉ ድረስ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድፍን ድምፅ አሰምቶ ዝገቱን በንብርብር ያራግፋል። ከላይ ቀይ ዱቄት ብቻ ከሆነ አያስፈራም፣ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል። ካቻቢቴው ከሰመጠ ግን ሥራው እዚያ ላይ ይቁም። ቀዳዳው ላይ ላሜራ ለጥፎ በመበየድ ሂች ማሰር አደገኛ ነው፤ ተሳቢው ሲጎተት፣ ሲገፋና ሲነጥር ጉልበቱ በሙሉ የሚያርፈው በዚያ በሳሳ ብረት ላይ ነው። ውጩ ደህና ሆኖ ውስጡ የበሰበሰም አለ። ሻንሲው ባዶ ሳጥን ስለሆነ ጭቃና ጨው ውስጡ ይጠራቀምና የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ስልካችሁን መብራቱን አብርታችሁ ወደ ጫፉ ቀዳዳ አስጠጉና ቪዲዮ አንሡ፤ ዓይን የማይደርስበትን ያሳያችኋል።

ለገጠማው መጀመሪያ ከሥር የተንጠለጠለው ስኮርታ ይውረድ። በአሮጌ መኪና የስኮርታው ማንጠልጠያ ዝጎ አልወርድ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ፣ እሱንም የሻንሲውን ቀዳዳዎችም ከዋዜማው ዝገት ማላቀቂያ ርጩባቸው። የጭስ ቱቦው ቦታ ከዘጋ ከተንጠለጠለባቸው ጎማዎች በሳሙና ውኃ አንሸራትታችሁ አውርዱት፤ ቱቦውን ግን ሳትደግፉ አትተዉት፣ መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። ሂቹ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ፓውንድ ስለሚመዝን አንዱ ጎን በክሪክ ተደግፎ ሌላው ጎን በሰው ይያዝ።

ብዙ ችግር የሚነሣው ብሎኑ ላይ ነው። እንደ ኪቱ (ሂቹ ከነብሎኖቹ እንደመጣበት ጥቅል) ዓይነት ብሎኑ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይታሰራል። አንደኛው ፋብሪካው ሻንሲው ውስጥ በበየደው ዳዶ ነው። በቶዮታ ላይ የዚህ መጠን ዳዶ በብዛት ጥርሱ ቀጭን፣ በ1.25 ሚሊሜትር የሚራራቅ ኤም12 (ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር) ሲሆን፣ የሃርድዌር ሱቁ ኤም12 ብሎን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1.75 ነው። ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል፤ ከዚያ በጉልበት ያዞረው ሰው የዳዶውን ጥርስ ይበላዋል። ከኪቱ ጋር ያልመጣ ብሎን አትጠቀሙ። ዳዶው ውስጥ ዝገት ካለ በትክክለኛው መጠን የጥርስ ማውጫ (ታፕ) ጥርሱን አጽዱት፤ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እያላችሁ፣ በዘይት። ብሎኑ ሳይጠብቅ ዝም ብሎ መዞር ከጀመረ ብየዳው ለቋል ማለት ነው። ያኔ አንዱ አማራጭ ከጎን በኩል መስኮት ቆርጦ አዲስ ዳዶ ማስገባት ነው፤ እሱንም ለባለሙያ ስጡት።

ሁለተኛው ዘዴ በሽቦ መጎተት ነው። ኪቱ ጫፉ የተጠቀለለ ሽቦ ይዞ ይመጣል። ሽቦውን በማሰሪያው ቀዳዳ አስገብታችሁ በሰፊው ቀዳዳ ታወጡታላችሁ፣ መጀመሪያ ወፍራሟን አራት ማዕዘን ላሜራ፣ ቀጥሎ ብሎኑን በጥቅሉ ላይ ታዞራላችሁ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እየመራችሁ ትጎትታላችሁ። ያቺን ላሜራ ትርፍ መስሏቸው የሚተዉዋት አሉ፤ እሷ ከሌለች የብሎኑ ራስ የሻንሲውን ቀጭን ግድግዳ ወደ ውስጥ ያጎብጠውና ጥብቀቱ ከጊዜ ጋር ይጠፋል። ሽቦው ከወጣ በኋላ ዳዶው ሳይገባ ብሎኑን ወደ ውስጥ አትግፉት። ሻንሲው ውስጥ ከወደቀ በማግኔት ማውጣት ይቻላል፣ ጊዜ ይበላል እንጂ።

ሁሉም ብሎን በእጅ ሳይያዝ አንዱም አይጥበቅ። አንዱን ጎን ቀድሞ ያጠበቀ ሰው የሌላው ጎን ቀዳዳ አልገጥም ይለዋል፣ ከዚያ ትራፓኖ አንሥቶ ቀዳዳ ማስፋት ይጀምራል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ጥብቀቱ ከኪቱ ወረቀት ይወሰዳል፤ ለመገመት ያህል ግማሽ ኢንች ግሬድ 5 ብሎን (ግሬድ የጥንካሬ ደረጃ ነው) ወደ 75፣ ግሬድ 8 ወደ 110፣ የጥንካሬ ደረጃው 10.9 የሆነው ኤም12 ወደ 86 ፉት-ፓውንድ (የጥብቀት መለኪያ) አካባቢ ይጠየቃል። በአየር መፍቻ አስጠጉት፣ መጨረሻውን ግን በቶርክ ሬንች ጨርሱት። ወረቀቱ ቀዳዳ ብሱ የሚል ከሆነ ከብረቱ ጀርባ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦ አለመኖሩን አይታችሁ በቀጭን ስለት ጀምሩ፣ የተገለጠውን ብረት ዚንክ ርጩበት።

የነዚህ ሂቾች ድካም ቀለሙ ነው። ውጩ ጥሩ ይቀባል፤ ክንዱ የሚሰካበት የመቀበያው ቱቦ ውስጥና የብየዳው ጥግ ግን ይሳሳል፣ ጨው ባለበት አገር በጥቂት ክረምት ይዝጋል። ቱቦውን ውስጡን ግሪስ መቀባትና በማይጎተትበት ጊዜ ክንዱን አውጥቶ በክዳን መዝጋት ያዋጣል። ክንዱ ውስጡ ከተተወ ሁለቱ ብረቶች በዝገት ይጣበቁና በመዶሻም አይላቀቁም።

የዚህ መኪና የኋላ ሞላ በዕድሜ ስለሚረግብ ክንዱ ከመገዛቱ በፊት ከፍታው ይለካ። ከመሬት እስከ መቀበያው ቱቦ የውስጥ ጣሪያ አንድ፣ ተሳቢው ቀጥ ብሎ ሳለ ከመሬት እስከ ተሳቢው የኳስ መያዣ አፍ ሥር ሁለት፤ ልዩነቱ ክንዱ ስንት ኢንች መውረድ ወይም መውጣት እንዳለበት ይነግራችኋል። ኳሱን ብዙ ሰው በእጅ ኃይል ብቻ አጥብቆ ይተወዋል። 1 ኢንች እግር ያለው ኳስ ዳዶው 250፣ ባለ ¾ ኢንቹ 160 ፉት-ፓውንድ አካባቢ ይፈልጋል፣ ለዚህ ረጅም ቶርክ ሬንች ያስፈልጋል።

መብራቱ ለብቻው የሚገዛ ነው። የፎር ራነሩ ፍሬቻ ከስቶፑ የተለየ ስለሆነ፣ በባለ አራት ሽቦው የተሳቢ ሶኬት ላይ ግን ሁለቱ በአንድ ሽቦ ስለሚሄዱ፣ መሃል ላይ ሁለቱን ምልክት አንድ የሚያደርግ ኮንቨርተር ይገባል። ኃይሉን በፊዩዝ አሳልፎ በቀጥታ ከባትሪ የሚወስደውን ዓይነት ምረጡ፤ የአሮጌ መኪናን የመብራት መስመር አያጨናንቅም። ነጩ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዘው ኔጋቲቭ)፣ ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ስቶፕ ነው። ፍሬቻ ሲበራ ሁሉም መብራት አብሮ ደብዘዝ እያለ የሚርገበገብ ከሆነ ኮንቨርተሩን ከመወንጀል በፊት ማሳውን እዩ፤ ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ ማሳ አይደለም፣ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቅ። ኤሌክትሪክ ፍሬን ላለው ከባድ ተሳቢ ባለ ሰባት ሶኬትና የፍሬን መቆጣጠሪያ ይጨመራል። በብዙ የአሜሪካ ስቴቶች 3,000 ፓውንድ የሚደርስ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል።

ሂች ሻጭ የማይነግራችሁ አንድ ነገር ራዲያተሩን ይመለከታል። አውቶማቲኩ ፎር ራነር የካምቢዮውን ዘይት የሚያቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። የዚህ ሞዴል ራዲያተር ሲያረጅ ያ ቱቦ ውስጡ ይቀደድና ውኃውና ዘይቱ ተቀላቅለው ሮዝ አረፋ ይሆናሉ፤ ካምቢዮውም አብሮ ይሄዳል። ለመጎተት የተዘጋጀ ሰው ከሂቹ ጋር አዲስ ራዲያተር ወይም ለብቻው የሚቆም የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ በጀት ውስጥ ያስገባ። በዳገት ላይ ኦቨርድራይቭን (ለረጋ ፈጣን ጉዞ የሚሆነውን የመጨረሻ ማርሽ) በማርሹ እጀታ ላይ ባለው ቁልፍ ማጥፋትም ካምቢዮው ማርሽ እየቀያየረ ከመጋል ያድነዋል።

ቤት ለመቀየር ከተሳቢ አከራዩ ዩ-ሆል ለምትከራዩ፣ 5 በ8 ጫማ የሆነው ዝግ ተሳቢ ባዶውን 900፣ ከነጭነቱ እስከ 2,700 ፓውንድ ነው፤ ለዚህ መኪና የሚመቸው እሱ ነው። 6 በ12ቱ ከነጭነቱ 4,400 ስለሚደርስ በወረቀት ቪ6ቱ ይችለዋል፣ ከ20 ዓመት በላይ የተነዳ መኪና ግን እሱን ሞልቶ ተራራ ባይወጣ ይሻላል። ከዕቃው 60 በመቶውን ከፊት ጫኑ፤ ወደኋላ የከበደ ተሳቢ በፍጥነት ላይ መኪናውን ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል፣ ኩባንያው ፍጥነቱን በሰዓት 55 ማይል ላይ የወሰነውም ለዚሁ ነው። ሰንሰለቶቹን ከኳሱ ሥር አጣምሩ፤ ተሳቢው ቢያመልጥ አፉ አስፋልት ላይ ሳይተከል እነሱ ላይ ያርፋል። ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ ደግሞ ቶርክ ሬንቹን ይዛችሁ እያንዳንዱን ብሎን ዳግም ሞክሩ፤ ቀለሙና ዝገቱ ሥራቸው ሲጨፈለቅ ጥቂት ይላላሉ።