በትእዛዝ የሚጠፋ የቮልቴጅ መቀነሻ ለመግዛት፦ ኤልኤም2596 ወይስ ኤክስኤል4015?

ጥያቄው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። 12 ቮልት ባትሪ አለ፣ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ሞጁል ይፈለጋል፣ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም የሚጫንበት አዛዥ ቺፕ) ሲያዘው ደግሞ መጥፋት አለበት። በቻይና የኢንተርኔት ሱቆች ሰማያዊው ኤልኤም2596 አንድ ዶላር ገደማ ነው፤ ኤክስኤል4015 ደግሞ እጥፍ ያህል ይጠይቃል። (በብር ስንት እንደሆነ አልጽፍም፤ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይለወጣል።) ኤክስኤል4015 ላይ "5 አምፔር" የሚለው ስለሚያጓጓ ብዙ ሰው ጨምሮ ሁለተኛውን ይገዛል። ለዚህ ሥራ ከሆነ ግን የተጨመረው ብር የባከነ ነው።

ምክንያቱም ኤክስኤል4015 ማጥፊያ እግር የለውም። አምስቱ እግሮቹ ግራውንድ፣ ኤፍቢ (የውጤቱን ቮልቴጅ የሚያነበው)፣ ኤስደብልዩ (የሚያወጣው)፣ ቪሲ (የውስጥ ኃይሉ) እና ቪን (ግቤቱ) ናቸው። ገዢው ይህን ሲያይ ዓይኑ 4ኛው ቪሲ ላይ ያርፋል፦ የቺፑ የውስጥ ኃይል እዚህ ስላለ እሱን ከግራውንድ ባገናኘው ይጠፋል ብሎ ያስባል። ልማዱ ከፓወር ሰፕላይ ጥገና የመጣ ይመስላል፤ ዩሲ3842 በሚባለው የፓወር ሰፕላይ መቆጣጠሪያ ቺፕ ላይ 1ኛውን እግር ወደ ግራውንድ ስቦ ማጥፋት በዳታሺቱ (በአምራቹ መግለጫ ሰነድ) የተፈቀደ ነው። ቪሲ ግን እንደዚያ አይደለም። 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሩ የሚታሰረው ከግራውንድ ጋር ሳይሆን ከቪን ጋር ነው፤ ማለትም ይህ የውስጥ ኃይል የሚለካው ከግቤቱ ፖዘቲቭ ወደ ታች ነው። ወደ ግራውንድ ስትስቡት ጥቂት ቮልት ብቻ እንዲያይ የተሠራው ክፍል ሙሉውን 12 ወይም 24 ቮልት ይቀበላል። ከቪን ጋር ብታገናኙትም የውስጥ ማብሪያው በግማሽ ተከፍቶ ሊግል ይችላል፤ ዳታሺቱ ስንት ቮልት ላይ እንደሚጠፋ የሚናገርበት ቦታ የለም። ማብሪያው አንዴ ሾርት ከሆነ የባትሪው 12 ቮልት በቀጥታ 5 ቮልት የሚፈልገው ቦርድ ላይ ይገባል። ሁለት ዶላር ለመቆጠብ ተብሎ ከኋላ ያለው ዕቃ ሁሉ ይቃጠላል።

ኤክስኤል4015 ገዝታችሁ ከሆነ በኤፍቢ በኩል ሂዱ። የኮንትሮለሩን 3.3 ቮልት በ1ኤን4148 ዳዮድ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ) አሳልፋችሁ 2ኛው እግር ላይ ስጡት። 2.6 ቮልት ገደማ ስለሚደርሰው፣ ቺፑ እዚህ እግር ላይ ከሚጠብቀው 1.25 ቮልት ስለሚበልጥ፣ መምታት (ማብራት ማጥፋቱን) ያቆማል። ከኤፍቢ ወደ ግራውንድ ያለውን ሬዚስተር አስቀድማችሁ ለኩ፤ 330 ኦም ከሆነ ከኮንትሮለሩ 8 ሚሊአምፔር ይስባል። ጭነት ከሌለ ደግሞ በማስተካከያው ፖቴንሽዮሜትር በኩል ሾልኮ ውጤቱ ላይ 2.6 ቮልት አካባቢ ይታያል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው፦ ቺፑ አልተኛም። ለራሱ የሚወስደው 5 ሚሊአምፔር ከሆነ በ30 ቀን 3.6 አምፔር ሰዓት ነው፤ ከ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

ኤልኤም2596 ሲጠፋ የሚወስደው 80 ማይክሮአምፔር አካባቢ ነው። ያው ባትሪ በወር 0.06 አምፔር ሰዓት ብቻ ያጣል። ማጥፊያው 5ኛው እግር ነው፤ ሞጁሉ ላይ ከግራውንድ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ማላቀቅ አለባችሁ። የግራውንዱ መዳብ ሰፊ በመሆኑ ሙቀቱን ይበላዋል፤ በደካማ መበየጃ ስትታገሉ መስመሩ ይላጣል። ሊዱን በመዳብ ጥልፍ ምጠጡ፣ መርፌ ከሥሩ አስገብታችሁ እግሩን ወደ ላይ ብቻ አንሱ። ከዚያ 10 ኪሎኦም ከእግሩ ወደ ግራውንድ፣ 1 ኪሎኦም ከእግሩ ወደ ኮንትሮለሩ። ዜሮ ሲሆን ይሠራል፣ 3.3 ቮልት ሲመጣ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ኮንትሮለሩ ሳይነሳ ሞጁሉ ጠፍቶ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ 10 ኪሎኦሙን አውጥታችሁ 47 ኪሎኦም ከቪን ወደ 5ኛው እግር ስጡ፤ ለማብራት ቢሲ547 ትራንዚስተር ወደ ግራውንድ ይሳበው። ይህ እግር የሚችለው 25 ቮልት ብቻ ነውና 24 ቮልት ሲስተም ላይ እንዲህ በቀጥታ አታድርጉት።

አሁን ስለ ፎርጅዱ። ኦሪጅናሉ ቺፕ ብቻውን ከታወቀ አከፋፋይ በችርቻሮ ሲገዛ ከሙሉው ሞጁል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በአንድ ዶላር የመጣው ምን እንደሆነ እንግዲህ አስቡት። ኦሪጅናሉ በ150 ኪሎኸርዝ ይሠራል (ከ127 እስከ 173 ጤነኛ ነው)፤ በፎርጅዶቹ ላይ 50 አካባቢ ማየት የተለመደ ነው። ኸርዝ የሚለካ ቴስተር ካላችሁ ውጤቱን 5 ቮልት አድርጉ፣ 10 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር ጫኑ፣ 2ኛውን እግር ለኩ። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ማለት ጥቅልሉ አይበቃውም፣ ይግላል፣ ውጤቱም ይርገበገባል። እንዲህ ያለውን ከ1 አምፔር በላይ አትጫኑት። ስታጠፉት ደግሞ ግቤቱን ለኩ፤ ከ0.2 ሚሊአምፔር ከበለጠ የማጥፊያው ነገር የይስሙላ ነው።

የኤልኤም2596ን ፖቴንሽዮሜትርም አውጡት። ውስጡ ሲላላ ውጤቱ ወደ ግቤቱ ቮልቴጅ ይወጣል። ከኤፍቢ ወደ ግራውንድ ያለው ሬዚስተር 330 ኦም ከሆነ በፖቴንሽዮሜትሩ ቦታ 1 ኪሎኦም ስትበይዱ 4.96 ቮልት ታገኛላችሁ፤ ሳንቲም የማይሞላ ወጪ ነው።

ኤምፒ1584 የሚባለው ትንሹም አለ፣ ዋጋውም ከኤልኤም2596 አይርቅም። ማጥፊያው ወደ ግራውንድ ሲሳብ ይጠፋል፣ ሲለቀቅ ይበራል፣ ጠፍቶም የሚወስደው 12 ማይክሮአምፔር ያህል ነው። ግን እግሮቹ ደቃቅ ናቸው፣ ግቤቱም ከ28 ቮልት አያልፍም፤ የ24 ቮልት ሶላር ፓነል ጭነት ሳይኖርበት ከዚያ በላይ ስለሚወጣ ወዲያው ይገድለዋል።

4 አምፔር የግድ ከሆነ ብቻ ኤክስኤል4015ን ግዙና በፊቱ አይአርኤፍ4905 ሞስፌት (ጌት በሚባለው እግሩ የሚታዘዝ ማብሪያ) አድርጉ፦ ሶርሱ ወደ ባትሪ፣ ድሬኑ ወደ ሞጁሉ ግቤት፣ ከጌት ወደ ሶርስ 100 ኪሎኦም፣ ጌቱን የሚስበው ቢሲ547 በ1 ኪሎኦም በኩል። ጌቱ 20 ቮልት ብቻ ስለሚችል 24 ቮልት ላይ ከጌት ወደ ሶርስ 12 ቮልት ዜነር (ቮልቴጁን የሚገድብ ዳዮድ) ጨምሩ፣ 1 ኪሎኦሙንም በ10 ኪሎኦም ቀይሩት።