የፍሬን ማስተር ጎሚኒ ኪት ለቆየ መኪና፦ ምን ያህል ያዋጣል?

ሙሉው የፍሬን ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ፓምፕ) ከገበያ ለጠፋበት መኪና፣ የማስተሩ ቀፎ ውስጡ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ የጎሚኒ ኪትን (የውስጥ ጎማ ማሸጊያዎቹ መለወጫ ስብስብ) የሚያህል መፍትሔ የለም። ችግሩ ትክክለኛውን ኪት ማግኘቱ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የመኪናውን ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ይዞ ይጠይቃል። ይህ አይበቃም፤ አንድ ሞዴል በዚያው ዓመት ሁለት ዓይነት ማስተር ተገጥሞለት ሊሆን ይችላል። ማስተሩን አጥቦ ቀፎው ላይ የተቀረጸውን ማንበብ ይሻላል። የሠሪው ስም (አይሲን፣ ናብኮ፣ ጊርሊንግ፣ አቴ) እና ብዙ ጊዜ የውስጥ ስፋቱ በኢንች ይገኛል፦ 3/4 ማለት 19.05 ሚሊ ሜትር፣ 13/16 ማለት 20.64፣ 7/8 ደግሞ 22.22 ነው። እነዚህ ሠሪዎች ለብዙ መኪና ፋብሪካዎች ሲያቀርቡ ስለኖሩ፣ የሚፈለገው ኪት በሌላ መኪና ስም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። በቶዮታ ማስተሩ በ47201፣ ኪቱ በ04493 ይጀምራል። ተከታዮቹ አምስት ቁጥሮች ካልተጨመሩ ግን የተጠየቀው የዕቃው ዓይነት ብቻ ነው።

“ይገባል፣ ይሠራል” ተብሎ የሚሸጥ ሰፋ ያለ ማስተርን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ3/4 ቦታ 13/16 ሲገባ የፒስተኑ ክብ ገጽ ስፋት (ዲያሜትሩ ሳይሆን) በ17 በመቶ ያድጋል፤ በዚያው የእግር ጉልበት የሚፈጠረው ግፊት ደግሞ በ15 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ፔዳሉ አጭርና ጠንካራ ስለሚሆን ፍሬኑ የተሻሻለ ይመስላል። መኪናው ግን ለመቆም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል።

ጥሩ ኪት ጎሚኒዎቹ ተገጥመውባቸው የመጡ ፒስተኖች፣ ሞላና ሰርክሊፕ (ፒስተኑ እንዳይወጣ የሚይዝ የብረት ቀለበት) ይኖሩታል። ርካሹ ጎሚኒ ብቻ ይይዛል፤ አሮጌው ፒስተን ካልተጫረ እሱም ይሠራል። ለዓመታት መጋዘን የከረመ ጎሚኒ ግን ኦሪጅናል ቢሆንም ይደርቃል። ከንፈሩን በጣት ታጠፍ አድርጎ በብርሃን ማየት ነው፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከታየች አይገዛም።

ከመግጠም በፊት ወሳኙ ነገር የቀፎው ውስጥ ነው። በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለ አዲሱ ጎሚኒ በአጭር ጊዜ ይበላል። የብረት ቀፎ በጣም ለስላሳ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት በትንሹ ሊጠራ ይችላል። አልሙኒየም ከሆነ አይነካም፤ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን ከተፋቀ ውስጡ ቶሎ ያልቃል። ለተጎዳ ቀፎ የሚሆነው ቶርኖ ቤት አስፍቶ የናስ ወይም የማይዝግ ብረት ቱቦ ማልበስ ነው። ወጪው ከኪት ይበልጣል፣ ነገር ግን በጥንቃቄ ከተሠራ ዕድሜው ረጅም ነው። እዚህ ላይ የሚበላሸው ፔዳሉ ሲለቀቅ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ቀዳዳ ናት። ጠርዟ ካልለሰለሰ የጎሚኒውን ከንፈር ትቆርጣለች።

ሲገጠም የጎሚኒው ከንፈር ግፊት ወደሚፈጠርበት አቅጣጫ ይዞራል። ማጠቢያውም ማለስለሻውም የፍሬን ዘይት ነው። ቤንዚን፣ የሞተር ዘይትና ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጡታል። በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። ክፍተት ከሌለ ያቺ መመለሻ ቀዳዳ ተደፍና ትቀራለች፤ ዘይቱ ሲሞቅ መመለሻ ያጣና ጎማዎቹን ይይዛል። ይህ ሲሆን ብዙዎች ኪቱን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን የዘንጉ ነው።

አየሩ ወጥቶ ሲያልቅ ፔዳሉን ለ30 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ይበቃል። ውጭ ሳይንጠባጠብ ቀስ እያለ ከሰመጠ ግፊቱ በጎሚኒው በኩል ሾልኮ እያለፈ ነው።

ካረጀ መኪና የተፈታ ማስተር ለቀፎው ብቻ ይገዛል። እሱም ቢሆን ውስጡ ተከፍቶ ሳይታይ ገንዘብ አይከፈልበትም።