አሞራ ገደል ከዓሣው ባሻገር፦ የሐዋሳን ሐይቅ ዳርቻ በአራት ወቅት ያየ ሰው ግምገማ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስላለው የዓሣ ገበያ፣ ስለ አሞራ ገደል፣ የሚሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጀምሩትም የሚያበቁትም በዓሣው ነው፤ ጥብሱ ደርቋል ወይም አልደረቀም፣ ሾርባው ይጣፍጣል ወይም ጨው በዝቶበታል። እኔም ዓሣውን በልቻለሁ፣ አላማርርም። ይህ ጽሑፍ ግን ማልዶ ተነሥቶ፣ ቢኖኩላር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ወፍና ጉሬዛ ለማየት ብሎ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው የተዘጋጀ ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ በጥቅምት፣ በጥር፣ በመጋቢት መጨረሻና በሐምሌ አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ፍርዴንም ከወዲሁ ልናገር። ከተማ ሳይለቁ የዱር እንስሳትን በዚህ ያህል ቅርበት ለማየት ይህን የሚስተካከል ቦታ አላውቅም፤ ነገር ግን ቅርበቱ የተገዛው በዓሣ ሆድ ዕቃ ስለሆነ፣ የሐይቁን የራሱን ኑሮ ማየት የሚፈልግ ሰው ከገበያው ራቅ ማለት ይኖርበታል።

ከገበያው እንጀምር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ አጥማጆቹ መረባቸውን ሰብስበው ወደ ዳር ሲቀርቡ አባ ኮዳዎቹ ቀድመው ቦታቸውን ይዘዋል። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ደግሞ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ወፍ ሰው አጠገብ ያለ አንዳች ፍርሃት ቆሞ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እስኪገፈፍ እንደ ባለ ጉዳይ በትዕግሥት ሲጠባበቅ ማየት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣን ሰው ያስደነግጣል። ስሙን ያገኘው ከአንገቱ ሥር ከሚንጠለጠለው፣ የውሃ ኮዳ ከሚመስለው ከረጢት ይመስለኛል። ነጭ ካልሲ ያደረገ የሚያስመስለው እግሩ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፤ የሚያነጣው የራሱ ኩስ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የሚጥለውም እርጥበቱ በሚተንበት ጊዜ ሰውነቱን ከሙቀት ስለሚያበርድለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ወፉን የማየው በንቀት ሳይሆን በአድናቆት ነው፤ መልኩ ግን አሁንም አያምርም። በመጋቢት የሄድኩት በዐቢይ ጾም ሰሞን ስለነበር የዓሣው ገበያ ደርቶ አገኘሁት፤ የሚጣለው ሆድ ዕቃ በዚያው ልክ ስለሚበዛ አባ ኮዳዎቹም ከጥር ይልቅ በቁጥር በልጠው ነበር። የሰው ጾም የወፉ ፍስክ መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

ከአባ ኮዳው ቀጥሎ ጎብኚ የሚሰበስቡት በትልልቆቹ ዛፎች ላይ የሚኖሩት ጉሬዛዎችና ጦጣዎች ናቸው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ተገቢ ነው፤ ጦጣው ከእጅ ሙዝ መንጠቅ ሥራው አድርጎታል፣ ጉሬዛው ግን የቅጠል በላተኛ በመሆኑ አብዛኛውን ቀን ከፍ ብሎ ተቀምጦ ያርፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አውራ ጣት የሌለው እጁ ቅርንጫፉን እንደ ሜንጦ ሲይዝ በቢኖኩላር በግልጽ ይታያል። በጥር ጉብኝቴ አንዲት እናት ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል አቅፋ አየሁ፤ ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ሆኖ ነው፣ ጥቁርና ነጭ መልኩን የሚይዘው ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ነው። በመጋቢት መጨረሻ ተመልሼ ስሄድ፣ ያው መሆኑን መማል ባልችልም፣ በዚያው ዛፍ ላይ ያገኘሁት ግልገል ጠቁሮ ነበር። ጎብኚዎች ለእነዚህ እንስሳት ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ መስጠታቸው ከሁሉ የከፋው የቦታው ጉድለት ነው፤ ከልካይም ምክር ሰጪም አላየሁም።

ገበያውን ትቶ በሐይቁ ዳር በተሠራው መከላከያ ግድብ ላይ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የዳርቻው ክፍል የሚራመድ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል። እዚህ ማንም ለማንም አይመግብም። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ቆሞ ውሃውን ካጠና በኋላ ድንጋይ እንደተወረወረ ሁሉ ይወድቃል፤ አምስት ጊዜ ቆጥሬ በአምስተኛው ብቻ ዓሣ ይዞ ወጣ። በፊላው መካከል፣ ከውሃ አበባ ቅጠል ወደ ቅጠል፣ ጣቶቹ እጅግ የረዘሙ አንገተ ነጭ ወፍ ሳይሰምጥ ይራመዳል፤ በዚህ ዝርያ እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ትዕግሥት ላለው ሰው ደግሞ በውሃ አበባው መካከል ተሸሽጋ የምትኖረው ድንክ ዳክዬ አለች፤ ወፍ ተመልካቾች ከሩቅ አገር የሚመጡት እርሷን ፍለጋ ጭምር ነው። እኔ በአራት ጉብኝት ያየኋት አንድ ጊዜ፣ በጥቅምት፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ወቅትን በተመለከተ፣ ይህ ሐይቅ ለተመልካች የሚያመቸው መውጫ ወንዝ የሌለው በመሆኑ ነው። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ከ20 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ጥልቀት ያለው ይህ ውሃ፣ በጥቁር ውሃ ወንዝና በዝናብ የሚያገኘውን ገፍቶ የሚያወጣበት በር ስለሌለው፣ የክረምቱን ገቢና የበጋውን ወጪ በዳርቻው ላይ እንደ መዝገብ ያሳያል። በጥቅምት ውሃው ሞልቶ ፊላው ሥር ድረስ ገብቶ ነበር፤ በመጋቢት መጨረሻ በዚያው ስፍራ ጭቃው ተገልጦ፣ ቀጫጭን እግር ያላቸው ወፎች መንቁራቸውን እየሰኩ ትል ሲለቅሙበት አየሁ። በጥቅምት የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የመጡት ጅራተ መቀስ ወፎች የውሃውን ፊት እየታከኩ ይበሩ ነበር፤ ጅራታቸውን ያለ ዕረፍት የሚያወዛውዙት ትንንሽ ወፎች ደግሞ ያን ጊዜ ደብዛዛ መልክ ነበራቸው። እነዚሁ ወፎች በመጋቢት መጨረሻ፣ ለመመለስ ሲዘጋጁ፣ ወንዶቹ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆነው ጠበቁኝ። በሐምሌ አንዳቸውም አልነበሩም፤ ቢጫው ግን ከዳርቻው አልጠፋም፣ ምክንያቱም የዝናቡን ወራት የሚጠብቁት ጎጆ ሠሪ ወፎች ተራውን ተረክበው በፊላው ጫፍ ላይ ሣር እየጎነጎኑ ነበር። አብዛኛው ሰው ሐምሌን ይሸሻል፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፣ መንገዱም ይጨቀያል። እኔ ግን ጎጆ ሲሠራ ለማየት ስል ከጥር ይልቅ ሐምሌን እመርጣለሁ።

ስለ ጀልባው ጉዞ የማመሰግነውም የማማርረውም አለ። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ያለ ስለሆነ፣ ዓሣ አዳኙ ንስር ከዛፍ አናት ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ሲጮህ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ቢኖኩላር ማስተካከልን ያስቸግራል። በጥር የተሳፈርኩበት ጀልባ ባለቤት፣ ጉማሬዎቹ ወዳሉበት ስንደርስ፣ ፎቶግራፍ እንዲያምርልን ብሎ ሞተሩን ሳያበርድ ግልገል ወደያዘች እናት ተጠጋ፤ እንዲመለስ ሁለት ጊዜ ብንነግረውም ከሳቅ በቀር መልስ አልሰጠንም። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ የሚውል የዋህ ለሚመስላቸው ሁሉ፣ ልጇን ይዛ ስትገላመጥ ማየት በቂ ትምህርት ነበር። በመጋቢት ግን አንድ በዕድሜ የገፉ ቀዛፊ አገኘሁ፤ ያለ ሞተር፣ በመቅዘፊያ ብቻ፣ ከፊላው ዳር ዳሩን ወስደውኝ፣ «ዝም ካልን ራሳቸው ይመጣሉ» ብለው መቅዘፊያቸውን አነሡ፤ እውነትም ከሞተር ጀልባው ያላየኋቸውን ወፎች ከእርሳቸው ጋር አየሁ። ስለዚህ ዋጋንም፣ የሚደረስበትን ርቀትም፣ ሞተር መኖር አለመኖሩንም ከመሳፈር በፊት ተነጋግሮ መስማማት ይገባል።

ለሚሄድ ሰው የምመክረው ጥቂት ነው። ሌሊቱን እዚያው ሐዋሳ አድሮ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን ጊዜ መጠቀም፤ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል በዚያው ዕለት ነድቶ እኩለ ቀን ላይ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ሙቀትና የጠገበ አባ ኮዳ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሕዝቡ ስለሚበዛ የሥራ ቀን ይሻላል። ውሃ ዳር የተጣለው ፕላስቲክ ዓይን እንደሚያስቀይም አስቀድሞ ማወቅም ይጠቅማል። ቢኖኩላር ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ከሆነ ለግድቡ ላይ ጉዞ ይበቃል። ገበያው ውስጥ ግን ከማኅደሩ ማውጣትም አያስፈልግም፤ እዚያ እኔን ያስቸገረኝ አባ ኮዳውን ማየት ሳይሆን፣ የያዝኩትን የምሳ ፌስታል ከመንቁሩ ማዳን ነበር።