የ3 ወር ፈረንሳይኛ ሥራ ያስገባል ለሚል ማስታወቂያ ገንዘባችሁን አትስጡ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ የኮምፒውተር ምሩቃን፣ «በ3 ወር ፈረንሳይኛ ተምራችሁ በፈረንሳይኛ በሚሠራ የቴክኖሎጂ ድርጅት ትቀጠራላችሁ» ተብላችሁ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ 18,000 ብር ከፍያለሁ። አባቴ መንዝ ላይ በጎቻቸውን ሸጠው የላኩልኝ ገንዘብ ነው፤ ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

ትምህርቱ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ነበር። ለ12 ሳምንት ሲሰላ 72 ሰዓት ይሆናል። ይህ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ኤ1 የሚባለውን፣ ቢያዳርስ ነው። በስብሰባ ላይ ሐሳብ ለመስጠትና የሥራ ሰነድ ለመጻፍ የሚያበቃው ቢ2 የሚባለው ከፍ ያለ ደረጃ ሲሆን፣ ከዜሮ ለተነሳ ሰው 600 ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። በእኛ አካሄድ 100 ሳምንት ማለት ነው።

ኮርሱን እንደጨረስኩ ጅቡቲ ላለ አንድ ድርጅት በስልክ ተፈተንኩ። ጠያቂዋ «ኦክቴ» ስትል ባይት ማለቷ እንደሆነ አላወቅሁም። ሰላምታና ቡና ማዘዝ ተምረናል፤ ሶፍትዌር «ሎዢሲዬል»፣ ፋይል «ፊሺዬ» መባሉን ግን የነገረን የለም። ቁጥሩማ ባሰ! ፈረንሳዮች 92ን «አራት ሃያ አሥራ ሁለት» ብለው ነው የሚጠሩት፤ በፍጥነት ሲነገር ግማሹ ያመልጣል። ሥራውን እችለዋለሁ፤ የተጠየቅሁት ግን አልገባኝም።

ወደ ማሠልጠኛው ተመልሼ ትቀጠራላችሁ ስላሉን ቃል ስጠይቅ፣ «እሱ ሁሉንም ደረጃ ለጨረሰ ነው» አሉኝ፤ ለሚቀጥለው ደረጃ እንደገና ክፈል ማለታቸው ነው። «ዓለም አቀፍ» የሚል የታተመበት ሰርተፍኬትም ከዚያ ቤት ውጭ የሚቀበለው የለም። በየአገሩ የሚታወቀው የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር ዲፕሎማ ዴልፍ ነው። አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ከ25 ይታረማል፤ ለማለፍ ከ100 ቢያንስ 50 ያስፈልጋል፤ በአንዱ ክፍል ከ5 በታች ያመጣ ይወድቃል። አዲስ አበባ፣ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ የተባለ የፈረንሳይኛ ትምህርትና የባህል ማዕከል አለ፤ ስለ ፈተናው እዚያ ጠይቁ።

ፈረንሳይኛን አትተዉ፤ እኔም አልተውኩትም። ነገር ግን ጠቅላላ ሰዓቱንና ፈተናውን ማን እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ ስለ ሥራ የተነገራችሁን በጽሑፍ አስፈርሙ፤ ክፍያውንም በየወሩ አድርጉት። በእኔ ደረሰኝ ግርጌ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል። አቤቱታዬን ለንግድ ጽሕፈት ቤት አስገብቻለሁ፤ አብራችሁኝ የተማራችሁም ደረሰኛችሁንና ማስታወቂያውን ይዛችሁ አመልክቱ።