ሐዋሳ ላይ የቤት ድራፍት የሚጠግን ልጅ አገኘሁ

ቢራ ቤቴ መጥመቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እጄን የፈታሁት በእናቴ ጠላ ነው። ከውጭ የመጣችው እህቴ 19 ሊትር የሚይዝ በርሜል፣ ሬጉላተር (ከጋዝ ሲሊንደሩ ወደ ቢራው የሚገባውን ግፊት የሚቆጣጠር) እና ቧንቧ ይዛልኝ መጣች። የአንድ አሮጌ ፍሪጅ በር በስተን ድራፍት ማሽን አደረግነው። ስድስት ወር ያለ እንከን ሠራ።

ከዚያ አረፋ መጣ። ጃምቦው ከላይ እስከ ታች አረፋ፣ ሥሩ ላይ ሁለት ጣት ቢራ። አረፋው ሲከስም ደግሞ የቀረው ቢራ ጋዝ የለውም፣ ምላስ ላይ ዝም ይላል።

መጀመሪያ የጠራሁት ባለሙያ ፍሪጁን በቅጡ ሳያይ «ጋዙ በዝቶ ነው» ብሎ ግፊቱን ቀነሰና ሄደ። ባሰበት። እኔም በተራዬ ቀነስኩት፤ 9 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አደረስኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቢራ ደፋሁ። ብቅሉን ከማብቀል ጀምሮ የደከምኩበት ነገር ሲደፋ አንጀቴ ነው ያረረው።

ይሄኛውን ልጅ ጎረቤቴ ናት የጠቆመችኝ። አሮጌው መናኸሪያ አካባቢ ፍሪጅ ይጠግናል። ስሙን ሳላስፈቅደው አልጽፍም።

ሲገባ ካቻቢቴውን ከቦርሳው አላወጣም። ጃምቦ ጠየቀኝ። አንዱን ቀድቶ ደፋ፣ ሁለተኛውን ቀድቶ ቴርሞሜትር ነከረበት። 8 ዲግሪ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ቱቦው ውስጥ ሲሞቅ የቆየ ስለሆነ አይታመንም አለኝ። ከዚያ ተንበርክኮ የስልኩን መብራት ቱቦው ላይ አበራ።

«እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝ።»

አየሁ። ቱቦው ውስጥ እንደ ጨሌ የደቀቁ አረፋዎች ተከታትለው ወደ ቧንቧው ይወጣሉ። አንድ መታጠፊያ ላይ ይጠራቀሙና ጣት የሚያህል ክፍተት ይሆናሉ። ክፍተቱ ቧንቧው ጋ ሲደርስ ቢራው ይተፋል።

«ጋዙ ቢራው ውስጥ የሚይዘው አጥቶ መንገድ ላይ እየወጣ ነው። ግፊቱ አልበዛም፣ አንሷል። ቢራውም ሞቋል።»

እኔ እኮ በቀነስኩ ቁጥር እያባስኩት ነበር! ቢራ ሲቀዘቅዝ ጋዝ ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቃል። ያ ሰሞን ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሲመጣ ነው የከረመው።

በዚያ ቀን ጥገናውን አልጨረሰም። እኔ ይህን ልጅ የወደድኩት በዚህ ነው። ፍሪጁን 3 ዲግሪ ላይ አድርጎ «ነገ ማታ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ጋዙን እንዳይነኩት» ብሎ ሄደ። በርሜል ሙሉ ቢራ በአንድ ሰዓት አይቀዘቅዝም፤ ሳይቀዘቅዝ የተስተካከለ ግፊት ደግሞ ነገ ተመልሶ ይዛነፋል።

በማግስቱ የእህቴን መመሪያ አነበብንለት። በዚህ ቅዝቃዜ 12 ፒኤስአይ ይላል። ልጁ «ይሄ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው» አለ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጌጁ፣ ማለትም የግፊት ማሳያው፣ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው፤ የእኛ አየር ደግሞ ሳስቷል። በየ600 ሜትሩ ወደ 1 ፒኤስአይ ይጨመራል። ስለዚህ 15 ላይ አቆመው። ግፊቱ ሲጨምር ቢራው እንዳይወረወር ሜትር ተኩል የነበረውን ቀጭን ቱቦ አውጥቶ 3 ሜትር አስገባ። ርዝመቱ ፍጥነቱን ይይዘዋል።

ሌላም ችግር ነበረብኝ። ጋዝ ቶሎ ያልቅብኛል፣ የሲሊንደሩ ጌጅ ግን እስከ መጨረሻው ሙሉ ነው የሚለው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ እስኪያልቅ ጌጁ አይወርድም። ስለዚህ በሚዛን ነው የሚታወቀው። የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጿል፤ ለካስ ሁልጊዜ እዚያው ነበር። ከዚያ ኦሞ በውሃ በጥብጦ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ቀባ። ሬጉላተሩና ሲሊንደሩ የሚገናኙበት ላይ አረፋው ፊኛ ሆነ። ሮንዴላው የለም! ሲሊንደሩን ሲሞሉልኝ ወድቆ መሆን አለበት። የ20 ብር ዕቃ ናት።

ለሁለቱ ቀን 900 ብር ከፈልኩ፣ የቱቦው ዋጋ ለብቻው። ውድ አይደለም። ቅር ያለኝ ቀጠሮ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ አስጠበቀኝ፣ ደውሎም አላሳወቀኝም። ቢራ ወደ ጋዙ መስመር እንዳይመለስ የሚከለክለውን ቫልቭም አላገኘልኝም፤ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ ብሏል፣ እየጠበቅሁ ነው።

አሁን ጃምቦዬን አጋድሜ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ። አረፋው ሁለት ጣት ነው። ባለፈው እሑድ እናቴ ቀመሰችና «ነዘረኝ» አለች።

የምትፈልጉት ካላችሁ ጠዋት ሂዱ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ዝግ ነው።